የገርቢ ዳር ችካሎች

ግንቦት 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

የችካል ተከላ ቀን ነበር፤ ችካል ግን አልተላከም። ሰው ሁሉ ወንዝ ዳር ቆሟል፣ ገመዱ ተዘርግቷል፣ ቶኩማ በስልክ «መኪናው ነዳጅ እየቀዳ ነው» ይለኛል። ቶኩማ አለቃዬ ነው፣ የወረዳው የተፈጥሮ ሀብት ኃላፊ። ይቺ መኪና እኔ ከተቀጠርኩ ጀምሮ ነዳጅ እየቀዳች ነው።

ሰው ሊበተን ሲል ከወንዙ ማዶ የሚኖሩት ኦቦ ፈየራ ገጀራቸውን አንስተው ከአጥራቸው ጥግ የቆርች ቅርንጫፍ መቁረጥ ጀመሩ። ሌሎቹም አገዟቸው። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ ሁሉም ጠማማና እሾሃም። እኔ የጠየቅሁት ተጠርቦ ጫፉ ቀይ የተቀባ የባሕር ዛፍ እንጨት ነበር። «ችካል ቢያምር ምን ያደርግልሻል?» አሉኝ ኦቦ ፈየራ፤ ሁሉም ሳቀብኝ።

ለማንኛውም ተተከለ። ከድልድዩ እስከ ታችኛው መታጠፊያ፣ በሁለቱም በኩል፣ ከውሃው ዳር አሥራ አምስት ሜትር። ከችካሉ ወዲያ ወደ ወንዙ ማንም አያርስም፣ ከብት አያሰማራም፣ ባሕር ዛፍ አይተክልም። ባለይዞታው መሬቱን ይለቃል፣ እኛ ችግኝና ሣር እናመጣለን፣ የተፋሰሱ ጽሕፈት ቤት ደግሞ የተናደውን ዳርቻ በድንጋይ ይደግፋል። ግን በመስከረም መጥተው መስመሩ ሳይነካ ካገኙት ብቻ ነው። አንድ ሰው ከጣሰ ድንጋዩ ወደ ሌላ ወረዳ፣ ወደ ሌላ ወንዝ ይሄዳል። ወንዛችን ገርቢ አምና ገና በታኅሣሥ ደርቋል። ይህ ካመለጠን ሌላ ዕድል የለንም።

ቃል ያስገባቸው አባቴ ነው። እዚህ ማንም እንግዳወርቅ ብሎ አይጠራውም፤ «ባርሲሳ» ነው የሚሉት፣ አስተማሪ ማለታቸው ነው፣ የመንደሩን ግማሽ ያስተማረ እሱ ስለሆነ። እንደ አገሩ ልማድ ከወንዙ ዳር እርጥብ ሣር ቆርጦ ያዘ፣ ሌሎቹም ያዙ፣ መጀመሪያ እሱ ማለ። ኮራሁበት።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ «ገመዱን ከየት ነው የጀመርሽው?» አለኝ።

«ከውሃው ዳር።»

«ከዛሬው ውሃ ዳር» አለ። ስብሰባ ሙሉ ስጮህ ስለዋልኩ ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ግንቦት 17

ችግኝ መጣ። ጉድጓድ የለም። ጉድጓድ የሚያስቆፍረው ሊቀመንበር አምቦ ከተማ ሥልጠና ላይ ነው አሉ። ዶቅማ አዝዤ ግማሹ ግራቪሊያ ሆኖ መጣ። ቶኩማ የሚጠይቀኝ ስለ ፎቶ ብቻ ነው።

ግንቦት 23

ጉድጓድ ተቆፈረ። ችግኙ በፀሐይ ግማሹ ጠውልጓል። ፎቶ ተነሳን። ቶኩማ አንዱን ችግኝ ከነላስቲኩ ተከለው፤ እሱ ከሄደ በኋላ አውጥቼ ደግሜ ተከልኩት።

ሰኔ 4

ዛሬ ሹኩሪያ ደወለች። ከተማ ሱቅ አላት፣ ከታችኛው መታጠፊያ በታች ደግሞ መሬት ተከራይታ ጎመንና ቆስጣ ታለማለች። አምና ወንዙ ሲደርቅ ጎመኗ እንደቆመ ነው የደረቀው። ከዚህ ሁሉ ሰው ስለ ወንዙ እኔን ያህል የሚጨነቅ እሷ ብቻ ናት።

«ልዩዬ፣ ችካሎችሽ እግር አውጥተዋል መሰለኝ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ከድልድዩ ላይ ሳየው ዳርቻው ጠበበብኝ። ወላሂ ዓይኔ አይዋሽም። ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ስም አልጠራም፣ የሰው ስም ምን አገባኝ።»

ገና ወር እንኳን በቅጡ አልሞላም! አንዱ ሲነቅል ሌላው አይቶ ይነቅላል፣ በመስከረም ሁሉም እስከ ውሃው አርሶ እናገኘዋለን። የሰው ልጅ መሬት ሲያይ ምን ይሆናል?

ሰኔ 5

ማልጄ ገመድ ይዤ ወረድኩ። የጀመርኩት ከፈየራ ነው፤ ችካል ቆርጦ የሳቀብኝ እሱ ነዋ። ከውሃው እስከ ችካሉ ለካሁ፤ አሥራ ሦስት እንኳን አይሞላም። ደግሜ ለካሁ። ያው ነው።

ከበረት ጠራሁት። መጥቶ ገመዱንም እኔንም አየ።

«አልነካሁትም» አለ።

«ታዲያ ማን ነካው?»

«እኔ እንጃ። እኔ ሣር ይዤ የማልኩ ሰው ነኝ፣ ልጄ።»

«ሣሩማ ደርቋል» አልኩት። አዴ ጉዴ፣ የኛ ጎረቤት፣ ከወዲህኛው ዳር አጥሯን ተደግፋ ትሰማ ነበር። ፈየራ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፣ በልጁ እኩያ በአደባባይ እንዲህ ተብሎ አያውቅም ይሆናል። ግን ሰው ካላፈረ እንዴት ይመለሳል?

ከወንዙ ወዲህ ያለውን የአባቴን መሬት አልለካሁም። ቃል ያስገባን ሰው ላይ ገመድ መዘርጋት ነውር ነው። ደግሞ ዝናብ መጣብኝ።

ራት ላይ ለአባቴ ነገርኩት። እጁን ከሳህኑ አነሳ።

«ፈየራን እንዲህ አልሽው? ሰው እየሰማ?»

«አልኩት።»

ራቱን ሳይጨርስ ተኛ። ከፈየራ ጋር የስንት ዘመን ወዳጆች ናቸው፤ ለጓደኛው አፍሮ ነው።

ሰኔ 19

አባቴን ወገቡን ይዞታል። ከወንበር ሲነሳ ያቃስታል። ቅባት አሸሁለት።

«ምን አንስተህ ነው?»

«ምን አነሳለሁ? እርጅና ነው።»

ዲጅኖውን በረንዳ ላይ ጭቃ እንደለበሰ ትቶታል። ዕቃ ተጠቅሞ ወደ ቦታው መመለስ የሚባል ነገር በዚህ ቤት የለም። እግሬን ልመታው ነበር። አጥቤ አስገባሁት።

ሐምሌ 2

ጊንጪ ላይ መንገድ ዝግ ነው። የተፋሰሱ ሰዎች ግማሽ መንገድ መጥተው ተመለሱ። ስልክም አይሠራም ነበር፤ አዳራሽ ውስጥ ከባለይዞታዎቹ ጋር ከሰዓት ድረስ ተፋጠን ተቀመጥን። ለስብሰባው የተገዛውን የአምቦ ውሃ ጠጥተው ተበተኑ። ስለሚደርቅ ወንዝ ሊነጋገሩ ተጠርተው በጠርሙስ ውሃ ብቻ ተሸኙ። አዴ ጉዴ ስትወጣ ጠርሙሱን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ።

ኦቦ ፈየራ አልመጡም።

ሐምሌ 13

ይህን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ዝናቡ ጋብ ሲል የተረፉትን ዶቅማዎች ለማየት ወረድኩ። ወንዙ ሞልቷል፣ ደፍርሷል። በኦቦ ፈየራ በኩል ስደርስ ቆምኩ። ችካሎቹ በሙሉ አቆጥቁጠዋል። ቅጠል አውጥተዋል፣ አንዳንዱ መዳፌን የሚያህል። ቆርች ነዋ፤ እርጥብ ቅርንጫፉን መሬት ላይ ከሰኩት ሥር ይሰዳል፣ አጥር የሚሠሩበትም ለዚህ ነው። ይህን እንኳን እኔ፣ ከብት የሚጠብቅ ልጅም ያውቃል። በግንቦት ተተክሎ እንዲህ የለመለመ እንጨት ደግሞ ከቦታው ተነስቶ አያውቅም ማለት ነው።

ታዲያ ልኬቱ ለምን ጎደለ ብዬ ዙሪያውን ሳይ ሌላው ደግሞ ገባኝ። በሳቸው በኩል ዳርቻው ለጥ ያለ ነው። ውሃው ትንሽ ሲሞላ ወደ ጎን ይሰፋል። እኔ በሰኔ የለካሁት ከሰኔ ውሃ ዳር ነው፤ በግንቦት የለካነው ከግንቦት ውሃ ዳር ነበር። ችካሉ አልሄደም፣ ውሃው ነው የመጣው። ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት?

ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «እግዚአብሔር ይስጥሽ» ብቻ አሉኝ። ከዚያ፣ «ሁሉንም አይተሽ መጣሽ?» አሉ።

«የእርስዎን።»

«እሺ» አሉና ከብቶቻቸውን ነዱ።

ሐምሌ 14

በአባቴ በኩል ያሉት አላቆጠቆጡም። በድልድዩ ሳልፍ ነው ያየሁት። የኛ በኩል ገደል ነው፣ መሬቱ ይደርቃል። ሥር ለመያዝ ጊዜ ይፈጅበታል።

ሐምሌ 21

የአዴ ጉዴ ከኛው ወሰን ይጀምራል፣ በዚያው ገደል ላይ። የእሷ ለምልሟል። ምናልባት ቅርንጫፉ ሲቆረጥ ሞቶ ይሆናል። አንዳንዱ እንዲህ ነው።

ቅባቱ አለቀ። ሌላ ከፋርማሲ ገዛሁ።

ነሐሴ 3

ዛሬ በኛ በኩል አንዱን ችካል ያዝኩት። ልፈትሸው አስቤ እንኳን አልነበረም፣ አዳልጦኝ ነው የተደገፍኩት። ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ሥር የለውም። ትንሽ ጀምሮት የነበረ ሥር ተበጥሶ፣ ደርቆ፣ ጥቁር ሆኗል። ወዲያ አጠገቡ የአባቴ ድንች አብቧል፤ በግንቦት ገመድ ይዤ የቆምኩበት ቦታ ላይ።

መልሼ ሰካሁት። ለምን መልሼ ሰካሁት?

ነሐሴ 4

ጠየቅሁት። ጠዋት፣ ሬዲዮ ሲከፍት።

«ችካሉን አንተ ነህ የነቀልከው?»

ሬዲዮውን ዘጋው። «አዎ» የሚለውን ቃል አላለውም፤ አስተማሪ አይደል፣ ማብራሪያ ጀመረ።

«እናትሽ ጎመን የምትተክልበት ቦታ ትዝ ይልሻል? ትልቁ ድንጋይ ያለበት?»

«ትዝ ይለኛል።»

«አሁን የት ነው ያለው?»

መልሱን አውቃለሁ። ወንዝ ማዶ ነው። ወንዙ በየክረምቱ የኛን ገደል እየበላ መጥቶ ድንጋዩ በኦቦ ፈየራ በኩል ቀርቷል፤ ከብቶቻቸው እዚያ ይተኛሉ።

«ወንዙ ሲወስድብኝ አንድ ሰው ገመድ ይዞ አልመጣም» አለ። «የወሰደውን ወስዶ ሲያበቃ፣ ከቀረኝ ላይ ደግሞ አንቺ መጥተሽ ለካሽ። ፈየራ የሚለቀው ወንዙ የሰጠውን ነው፣ እኔ የምለቀው ግን የቀረኝን።»

«ይህን በስብሰባው ለምን አልተናገርክም?»

«ለአንቺ ተናገርኩ።»

«ከዛሬው ውሃ ዳር» ያለው ይሄንን ነው።

«መመሪያው ለሁሉም አንድ ነው» አልኩት። እውነቱን ስለያዘ ተናደድኩ፣ ስለዋሸ ተናደድኩ፣ በኔ አፍ ፈየራ መሰደቡን ሰምቶ እጁን አጣጥፎ ስለተቀመጠ ደግሞ ይበልጥ ተናደድኩ። «ታዲያ ለምን ሣር ይዘህ ማልክ?»

ሬዲዮውን መልሶ ከፈተ።

ነሐሴ 20

አንነጋገርም። «ጨው አቀብይኝ» እንኳን የለም፤ ተነስቶ ራሱ ያመጣል። ድንቹም ችካሉም እዚያው ነው።

ለቶኩማ ልንገረው አሰብኩ። ጠዋት ቢሮው ገባሁ። «መስከረም ላይ ችግር አይኖርም አይደል?» አለኝ ቀድሞ። «አይኖርም» ብዬ ወጣሁ።

ጳጉሜን 2

ሹኩሪያ ለዓመት በዓሉ የሚሆን ጎመን ልካልኛለች፣ ትልልቅ፣ ውሃ የጠገበ። «ዘንድሮ ዳርቻው አልተናደብኝም፣ ሣሩ ያዘው» አለችኝ። «በርቺልኝ።» አመሰግናለሁ ማለት አቃተኝ።

መስከረም 7 ቀን 2016 ዓ.ም.

ነገ የተፋሰሱ ሰዎች ይመጣሉ። ዛሬ ከባለይዞታዎቹ ጋር መስመሩን አብረን ዞርን፤ ቶኩማ ስብሰባ አለብኝ ብሎ ቀርቷል። በኦቦ ፈየራ በኩል ጀመርን፣ ችካል ሳይሆን ዛፍ ነው። ሰው እየሳቀ፣ ቅጠሉን እየነካ ሄደ። በድልድዩ ተሻግረን የአዴ ጉዴን አለፍን። ከዚያ የኛ።

ሳቁ ቆመ። ደረቅ እንጨት ተሰልፎ፣ ከጉዴ መስመር ወደ ወንዙ ገባ ብሎ፣ ከጀርባው ድንች። ዓይን ላለው ሁሉ ግልጽ ነው። አባቴ ዣንጥላውን ተደግፎ ቆሟል። አንድ ሰው የሆነ ነገር እስኪል ጠበቅሁ፣ ቢያንስ እንዲቆጡ።

ኦቦ ፈየራ ጎንበስ ብለው አንዱን ችካል ነካ አደረጉት። «ምስጥ ነው» አሉ። «ባርሲሳ በኩል ምስጥ አለ።»

«አዎ፣ ምስጥ» አለ አንዱ። «ምስጥ ክፉ ነው» አለ ሌላው። የሰደብኳቸው ሰው ናቸው አባቴን የሚሸፍኑት። ሁሉም አንገቱን እየነቀነቀ ሊያልፍ ሲል አዴ ጉዴ ድምፅዋን ሳትጨምር ተናገረች።

«እንግዲህ ለከርሞ እኔም ጋ ምስጥ ይገባል ማለት ነው።»

ማንም አልሳቀም። ከርሞ ምስጡ በየቤቱ እንደሚገባ ሁላችንም አወቅን።

«ምስጥ አይደለም» አልኩ። «አባቴ ነው የነቀለው። እኔም ካወቅሁ ቆይቻለሁ።»

አባቴ አላየኝም። ወንዙን ነበር የሚያየው።

«ወንዙ ወደሱ ነው የሄደው» አሉ ኦቦ ፈየራ። «ያ ድንጋይ የሱ ጓሮ ነበር፣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔ አፌን ዘግቼ ነው የተቀመጥኩት። ከሱ ላይ ቀንሱና ከኔ ላይ ጨምሩ።»

«ምጽዋት አልለመንኩም» አለ አባቴ፤ ዣንጥላውን ዘርግቶ፣ ዝናብ ሳይኖር፣ ወደ ቤት ሄደ።

መስመሩ እንዲቀየር ለቶኩማ ደወልኩ። «ካርታው ገብቷል፣ አይቀየርም» አለ። «ለነገ እንደ ካርታው አድርጊው።» ማንን ይዤ ነው እንደ ካርታው የማደርገው? ቤት ስገባ አባቴ የለም። ልፈልገውም አልወጣሁም። ደክሞኛል፣ ሁሉም ሰው አድክሞኛል፣ ወንዙም ጭምር።

መስከረም 8

ጠዋት ወንዝ ስወርድ ችካሎቹ እንደገና ተነቅለዋል።

ደሜ ነው የፈላው። ድንጋዩ ቀረ፣ ሹኩሪያ ጉድ ሆነች፣ አለቀ አልኩ። የተፋሰሱ መኪና ድልድዩ ላይ ቆሟል፤ ሁለት ሰዎች ካርታ ይዘው እየወረዱ ነው። ወደ ድንቹ ሮጥኩ።

ድንቹ የለም። ገና ሳይደርስ ተቆፍሮ መሬቱ ተደልድሏል። ችካሎቹ ደግሞ ወደ ወንዙ ሳይሆን ወደ ቤታችን ተተክለዋል፣ በግንቦት ከለካሁትም አልፈው፣ ወደ ጓሯችን ገብተው። አዲስ የተቆረጠ እርጥብ ቆርች ነው። በወዲያኛው በኩል ቀና ብዬ ሳይ የኦቦ ፈየራም ተነቅለዋል። የለመለሙት ዛፎች ከነሥራቸው ወጥተው ወደ በረታቸው ሄደው ተተክለዋል፤ ቅጠላቸው ጠውልጎ ተንጠልጥሏል። ስንት ወር ሥር የሰደደውን! ማን ንቀሉ አላቸው?

ከሁለቱ በዕድሜ ትልቁ ከካርታው ቀና አለ። «ይህ መስመር አይገጥምም። ተነክቷል?»

«ተነክቷል» አልኩ።

«ማን?»

«ሁለቱም።»

ለካ። ደግሞ ለካ። በጣም እንደሚበልጥ ሲገባው ጭንቅላቱን አከከ። ለሚጎድል እንጂ ለሚበልጥ የሚሞላ ቅጽ የለውም። ቶኩማ በስልክ «እንደ ካርታው መልሱት!» እያለ ይጮሃል። ሰውየው ስልኩን ከኔ ተቀብሎ፣ «ይቅር፣ እንዳለ ይሁን» አለው። ድንጋዩ በጥቅምት ይመጣል፣ መኪናቸው ነዳጅ ካገኘች።

ማታ አባቴ ከወንበር ሊነሳ አቅቶት ተመልሶ ተቀመጠ። አልጠራኝም። ቅባቱን ይዤ ከኋላው ቆምኩ፣ ሸሚዙን ራሱ ከፍ አደረገልኝ።

«ዛሬ ደግሞ ምን አንስተህ ነው?» አልኩት።



«ችካል» አለ።